የትኛው ዕጢ ነው? የውሻ ልብ ሕክምና የደረሰበት

ዘጠኝ ዓመት የሞላው ውሻ ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ ግቢውን ዞሮ፣ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ይወድቃል። ድዱ ነጥቷል፤ ትንፋሹ አጥሯል፤ ለመነሳት ቢሞክርም እግሮቹ አይታዘዙትም። ባለቤቶቹ ተሸክመው ክሊኒክ ያደርሱታል። ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ደረቱ ላይ ሲያሳርፍ በልቡ ዙሪያ ጠቁሮ የሚታይ ፈሳሽ፣ በቀኙ የልብ ክፍል ግድግዳ ላይ ደግሞ ከምቱ ጋር የሚወዛወዝ እብጠት ያያል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ውይይት ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። «ካንሰር ነው፤ ቢታከምም አይቆይም» ይባላል። ቤተሰቡ እያለቀሰ ይፈርማል፤ ውሻውም በመርፌ እንዲያርፍ ይደረጋል።

ይህ ውሳኔ ለብዙዎቹ ውሾች ትክክል ነው። ለአንዳንዶቹ ግን ስህተት ነው፤ ሁለቱን መለየት የሚቻልበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በውሻ ልብ ዕጢ ሕክምና ውስጥ ሁለት ነገሮች እኩል አልተራመዱም። ክፉውን ዕጢ የማዳን አቅም ብዙም ፈቀቅ አላለም። አንዱን ዕጢ ከሌላው የመለየትና ደህነኛውን ለዓመታት አቅፎ የማኖር አቅም ግን በጣም ተሻሽሏል። ያቺ የግማሽ ሰዓት ውይይት ይህንን ለውጥ ገና አልያዘችም። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም እዚህ ላይ ነው።

በሽታው ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ከ1982 እስከ 1995 ድረስ በእንስሳት ሕክምና የመረጃ ቋት የተመዘገቡ 729,265 ውሾችን መዝገብ አገላብጦ የልብ ዕጢ ያገኘው በ1,383ቱ ላይ ነው። ከሺህ ውሾች ሁለት እንኳ አይሞሉም ማለት ነው። ከተገኙት ዕጢዎች መካከል በብዛት አንደኛ የሆነው ሄማንጂዮሳርኮማ ነው፤ የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ ከሚሸፍኑት ሕዋሳት ጋር የሚዛመድ፣ በደም የተሞላና በቀላሉ የሚፈነዳ ካንሰር። በልብ ላይ የሚወደው ቦታም የታወቀ ነው፤ የቀኙ የላይኛው ክፍልና ከእርሱ ላይ እንደ ጆሮ የምትንጠለጠለው ቅጥያ።

ውሻውን የሚጥለው በአብዛኛው የዕጢው መጠን አይደለም። ልብ ስስ ነገር ግን ቶሎ በማይለጠጥ ከረጢት ውስጥ ተቀምጦ ይመታል። ዕጢው ሲደማ ደሙ ከልብና ከከረጢቱ መካከል ይጠራቀማል፤ መውጫ የለውም። ከረጢቱ ስለማይሰፋ ልብ ራሱ ይጨመቃል። መጀመሪያ የሚሸነፈው ግፊቱ ዝቅተኛ፣ ግድግዳውም ስስ የሆነው የቀኙ ወገን ነው። ከሰውነት የሚመለሰው ደም መግቢያ ያጣል፤ ወደ ፊት የሚረጨውም ያንሳል። ልብ ይህን ለማካካስ የቀረው አንድ መንገድ ቶሎ ቶሎ መምታት ብቻ ነው። ደሙ በፍጥነት ከፈሰሰ ጥቂቱ ይገድላል። ቀስ እያለ ከተጠራቀመ ደግሞ ከረጢቱ በሳምንታት ውስጥ ትንሽ በትንሽ ይላላና ውሻው ሆዱ ውኃ ቋጥሮ፣ ደክሞ፣ መብላት አቁሞ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሆዱ የተነፋ፣ ትንፋሽ ያጠረው ውሻ ሲታይ «የልብ ድካም ነው» ተብሎ ፈሳሽ የሚያስወጣ መድኃኒት፣ ፉሮሴማይድ፣ ይታዘዝለታል። ለሌላው የልብ ድካም ትክክል የሆነው ይህ መድኃኒት ለታፈነ ልብ ጠላት ነው፤ ወደ ልብ የሚመለሰውን ጥቂት ደም ጨርሶ ያሳንሰዋል። ስለዚህ አልትራሳውንድ ያለበት ቦታ ሁሉ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት ደረቱ መታየት አለበት።

ለታፈነው ልብ የሚሆነው ሕክምና ፈሳሹን መቅዳት ነው። ውሻው በግራ ጎኑ ወይም በደረቱ ይተኛል። የቀኝ ደረቱ ፀጉር ይላጫል፤ በአራተኛውና በስድስተኛው የጎን አጥንት መካከል ባለው ቦታ ማደንዘዣ ይወጋል። የልብ ምት መከታተያው ሽቦ እግሮቹ ላይ ተያይዟል፤ መርፌው ልብን ከነካ ምቱ ስለሚዛባ ሐኪሙ ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አይነቅልም። ስስ ቱቦ ያለው መርፌ ቀስ ብሎ ይገባና ጠቆር ያለ ቀይ ፈሳሽ መምጣት ይጀምራል። የመጀመሪያዋ ጠብታ በብልቃጥ ትያዛለች። ከረጢቱ ውስጥ የቆየ ደም የመርጋት ኃይሉን ጨርሷልና አይረጋም፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ከረጋ ግን መርፌው የገባው ልብ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ይነሳል። ሁሉም በደህና ከሄደ ፈሳሹ ተቀድቶ ሳያልቅ ለውጡ ይታያል። ምቱ ይረጋጋል፤ በጭኑ ውስጥ የጠፋው ትርታ ለጣት ይመለሳል፤ የነጣው ድድ ይቀላል፤ ውሻውም ቀና ብሎ ባለቤቱን ይፈልጋል።

ይህ ፈውስ አይደለም፤ ደሙ ተመልሶ ሊጠራቀም ይችላል፤ አንዳንዴ በዚያው ቀን። ነገር ግን የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ከመቅዳት በፊት የሚሰጥ ውሳኔ ስለ ዕጢው ምንነት የሚያውቀው ነገር በጣም ጥቂት ነው።

በልቡ ዙሪያ ፈሳሽ የተገኘበት ውሻ ከሦስት በአንዱ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ያልነው ሄማንጂዮሳርኮማ ነው። ሁለተኛው ከልብ ግርጌ፣ ትልቁ የደም ቧንቧ ከልብ በሚወጣበት ሥፍራ፣ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከሚለኩ ጥቃቅን ሕዋሳት የሚነሳ ዕጢ ነው። ቦክሰር፣ ቦስተን ቴሪየርና ቡልዶግን የመሳሰሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች በብዛት ይያዙበታል። ይህ ዕጢ በዝግታ ያድጋል፤ ወደ ሌላ አካል የመዛመት ጠባዩም ደካማ ነው። ውሻውን የሚያሰቃየው ቦታ በመያዙና ፈሳሽ በማስከተሉ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ዕጢ የሌለበት ነው፤ ከረጢቱ ባልታወቀ ምክንያት ተቆጥቶ ይደማል። ከእነዚህ ውሾች ግማሽ ያህሉ ፈሳሹ ከተቀዳላቸው በኋላ ዳግም አይታመሙም፤ ለቀሩት ደግሞ ከረጢቱን በቀዶ ሕክምና ማንሳት ብዙ ጊዜ ዘላቂ መፍትሔ ይሆናል።

የሁለቱን ዕጢዎች ርቀት ቁጥሮቹ ያሳያሉ። በ2002 የወጣ ጥናት የልብ ግርጌ ዕጢ የነበረባቸውን 24 ውሾች ተከታትሎ፣ የልብ ከረጢታቸው የተነሳላቸው በመካከለኛ አኃዝ 730 ቀን እንደኖሩ፣ ያልተነሳላቸው ግን 42 ቀን ብቻ እንደቆዩ አስፍሯል። ልብ በሉ፤ ዕጢው ራሱ አልተነካም። የተነሳው ከረጢቱ ነው፤ ፈሳሹ ወደ ደረት ወጥቶ እንዲመጠጥ፣ ልብም እንዳይታፈን። ለአሥር ዓመት ውሻ ሁለት ዓመት የእርጅናው ዘመን በሙሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጨረርን በጥቂት ቀናት ውስጥ በትክክል ዕጢው ላይ ብቻ የሚያነጣጥር ሕክምናና ቶሴራኒብ የተባለ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ለዚሁ ዕጢ ተጨምረዋል። የውሻ ልብ ዕጢ ሕክምና ተራመደ ስል ከሁሉ በፊት ይህንን ማለቴ ነው።

ሄማንጂዮሳርኮማ ላይ ያለው መዝገብ ግን ሌላ ነው። በ2005 የታተመና ከ1986 እስከ 2000 ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 23 ውሾች የመረመረ ጥናት፣ ዕጢው ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ኬሞቴራፒ የተጨመረላቸው በመካከለኛ አኃዝ 175 ቀን፣ ያልተጨመረላቸው 42 ቀን እንደኖሩ አሳይቷል። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ያለ ቀዶ ሕክምና ዶክሶሩቢሲን የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ብቻ የተሰጣቸው ውሾች ወደ 140 ቀን፣ ምንም ያልታከሙት 12 ቀን እንደቆዩ ዘግቧል። ዶክሶሩቢሲን ደግሞ መጠኑ በተጠራቀመ ቁጥር ራሱ የልብን ጡንቻ የሚጎዳ መድኃኒት ነው። ለታመመ ልብ ልብን የሚጎዳ መድኃኒት መስጠት ግድ መሆኑ በእጃችን ያለው መሣሪያ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ይናገራል።

ያችን «12 ቀን» ግን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ካልታከሙት ውሾች ብዙዎቹ የሚሞቱት በሽታው ጨርሷቸው ሳይሆን ባለቤቶቻቸው በመርፌ እንዲያርፉ ስለሚወስኑ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የበሽታውን ክፋት ብቻ ሳይሆን የሰዎችን ውሳኔም ይለካል። «አይቆይም» ስለተባለ ይወሰናል፤ ተወስኖ የሞተው ደግሞ መዝገብ ላይ «አልቆየም» ተብሎ ይሰፍራል፤ የሚቀጥለው ሐኪም ያንን መዝገብ አንብቦ «አይቆይም» ይላል። ጥናቶቹ ወደ ኋላ ተመልሰው መዝገብ የሚያገላብጡ መሆናቸው፣ የውሾቹም ቁጥር ጥቂት መሆኑ ችግሩን ያባብሰዋል። ይህ ማለት ሄማንጂዮሳርኮማ ደግ በሽታ ነው ማለት አይደለም። ክፉ ነው፤ ሲገኝም ብዙ ጊዜ ወደ ሳንባ፣ ጉበትና ጣፊያ ተሰራጭቷል። ግን ለባለቤቱ የሚነገረው ቁጥር ከየት እንደመጣ አብሮ ሊነገረው ይገባል።

ታዲያ መለየቱ እንዴት ነው? የመጀመሪያው መሣሪያ የልብ አልትራሳውንድ ነው፤ ቢቻል ፈሳሹ ከመቀዳቱ በፊት፣ ምክንያቱም ፈሳሹ የዕጢውን ቅርጽ አጉልቶ ያሳያል። ውሻው ሊሞት ከደረሰ ግን መቅዳቱ ይቀድማል። በ2009 የታተመና 107 ውሾችን የተመለከተ ጥናት መሣሪያው በልብ ላይ ካሉት ዕጢዎች 82 በመቶውን እንደሚያገኝ አሳይቷል። ከአምስቱ አንዱ ያህል ያመልጠዋል ማለት ነው። ሲያገኘውም የሚያሳየው ቦታውን ነው። በቀኙ የላይኛው ክፍል ላይ ያለ ዕጢ ሄማንጂዮሳርኮማ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ በግርጌው ያለ ደግሞ ሁለተኛው ዓይነት። ከፍተኛ ዕድል ግን ማረጋገጫ አይደለም። ብዙ ሰው የተቀዳው ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነገሩ ይለያል ብሎ ያስባል። አይለይም፤ ይህ ምርመራ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠው ከመቶ ስምንት ያህል ጊዜ ብቻ እንደሆነ በ2014 ተዘግቧል። ደሙ ውስጥ የካንሰሩ ሕዋሳት ተቀላቅለው ይጠፋሉ። ለዚህ ነው ትሮፖኒን፣ ማለትም የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣው ፕሮቲን፣ ዋጋ ያገኘው። በልቡ ዙሪያ ፈሳሽ ባለበት ውሻ ደም ውስጥ መጠኑ በጣም ከፍ ሲል ሚዛኑ ወደ ሄማንጂዮሳርኮማ ያጋድላል። የሳንባ ራጅና የሆድ አልትራሳውንድ ሲታከሉበት፣ በተለይ ጣፊያው ሲታይ፣ ሥዕሉ ይሟላል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ሊሠራ የሚችል ነው።

ሰሞኑን ብዙ የሚወራው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ገና ያልታመመ ውሻ በደም ጠብታ ብቻ ካንሰሩ ቢታወቅስ? በ2021 ኦንኮኬ9 የተባለ፣ በደም ውስጥ የሚንሳፈፍ የካንሰር ዲኤንኤን የሚፈልግ ምርመራ አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ። በ2022 የታተመው ጥናቱ ካንሰር ካለባቸው ውሾች 54.7 በመቶውን እንደሚያገኝ፣ ከጤነኞቹ ደግሞ 98.5 በመቶውን በትክክል ጤነኛ እንደሚል አስታወቀ። ቁጥሩ ያምራል፤ ሂሳቡ ግን እንዲህ ነው። ምንም የማይታይባቸውን 10,000 ውሾች ብንመረምር ወደ 150 የሚሆኑ ጤነኞች «ካንሰር ሳይኖርባችሁ አይቀርም» ይባላሉ። በዚያው በ1999ኙ ጥናት መጠን ከሄድን ከ10,000 ውሾች የልብ ዕጢ የሚኖርባቸው 19 ብቻ ናቸው። ያ ምርመራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከገበያ ወጥቷል፤ ተመሳሳይ ሌሎች ግን አሉ። ለአደጋ በተጋለጠ ዝርያ ላይ በጥንቃቄ የሚደረግ ምርመራ ወደፊት ቦታ ሊኖረው ይችላል። ዛሬ ለማንኛውም ውሻ ባለቤት በየዓመቱ ግዛ ማለት ግን ፍርሃትን መሸጥ ነው።

ስለሚሸጥ ተስፋ ከተነሳ ዩናን ባይያኦንም መጥቀስ ተገቢ ነው። ደም ያቆማል የሚባል የቻይና የዕፅዋት መድኃኒት ነው፤ ይህ በሽታ የተገኘበት ውሻ ባለቤት በመጀመሪያው ሳምንት ስሙን ሳይሰማ አይቀርም። በ2017 የወጣ ጥናት መድኃኒቱ የፈሳሹን መመለስ እንዳላዘገየ፣ ዕድሜም እንዳልጨመረ አሳይቷል።

እውነተኛው ተስፋ ያለው ሌላ አቅጣጫ ላይ ነው፤ ጉዳዩን የሰውም የሚያደርገው ያ ነው። የሰው ልብ ላይ ከሚነሱ ክፉ ዕጢዎች በብዛት ቀዳሚው አንጂዮሳርኮማ የተባለው የደም ሥር ካንሰር ነው፤ የሚመርጠውም ቦታ የቀኙን የላይኛውን ክፍል ነው። የውሻውና የሰው በሽታ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። በሰው ላይ እጅግ ብርቅ ስለሆነ መድኃኒት ለመሞከር በቂ ታማሚ ማግኘት ያስቸግራል፤ በውሻ ላይ ግን ጎልደን ሪትሪቨርን፣ ጀርመን ሼፐርድንና ላብራዶርን በመሳሰሉ ዝርያዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ከልብ ይልቅ በብዛት የሚነሳውም ጣፊያ ላይ ነው። በ2019 የ47 ጎልደን ሪትሪቨሮችን ሄማንጂዮሳርኮማ ዘረመል ያነበቡ ተመራማሪዎች ከአሥሩ በስድስቱ ያህል ቲፒ53 የተባለው ጂን ተበላሽቶ አገኙት፤ በሦስቱ ያህል ደግሞ ፒአይኬ3ሲኤ። ሁለቱም በሰው አንጂዮሳርኮማ ውስጥ የሚታወቁ ናቸው። በሞሪስ የእንስሳት ፋውንዴሽን በ2012 የተጀመረውና ከ3,000 በላይ ጎልደን ሪትሪቨሮችን ዕድሜ ልካቸውን የሚከታተለው ጥናት ደግሞ የበሽታውን ሥር ከልጅነት ጀምሮ ይፈልጋል።

ከመድኃኒቶቹ መካከል እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ፕሮፕራኖሎል ነው። ለደም ግፊትና ለልብ ምት የሚታዘዝ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የነበረ፣ ርካሽ ክኒን ነው። በ2008 የቦርዶ ሐኪሞች ለልብ ሕመም የሰጡት ሕፃን ፊቱ ላይ የነበረው የደም ሥር እብጠት ሲሟሽሽ አስተዋሉ፤ ዛሬ ለዚያ እብጠት ቀዳሚው መድኃኒት ሆኗል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ይዘው ክኒኑ የሄማንጂዮሳርኮማ ሕዋሳትን ለዶክሶሩቢሲን ይበልጥ እንደሚያጋልጥ በቤተ ሙከራ ካዩ በኋላ ጣፊያቸው በወጣላቸው ውሾች ላይ መሞከር ጀመሩ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኢባት የተባለ መድኃኒት ደግሞ በ2017 በታተመው ሙከራ፣ በጣፊያ ሄማንጂዮሳርኮማ ከተያዙ 23 ውሾች መካከል ውጤታማው መጠን በተሰጣቸው ዘንድ ስድስት ወር የተሻገሩትን ወደ 70 በመቶ አድርሷል፤ ለንጽጽር የቀረቡት ከ40 በመቶ በታች ነበሩ። እነዚህ ሙከራዎች የተደረጉት ጣፊያ ላይ ባለው በሽታ ነው፤ ልብ ላይ ላለው እንዳለ ይሠራሉ ብሎ መውሰድ አይቻልም። ፕሮፕራኖሎልን በራስ ፈቃድ መስጠት ደግሞ አደገኛ ነው፤ የታፈነ ልብ የሚኖረው ቶሎ በመምታቱ ነው፤ ክኒኑ የሚያዘገየው ያንኑ ምት ነው።

ስለ መከላከል የሚባለው ጥቂት ነው። ያ የ1999 ጥናት የመከኑ ሴት ውሾች ካልመከኑት ከአራት እጥፍ በላይ ለልብ ዕጢ እንደሚጋለጡ ቢያመለክትም፣ ማምከን ከሌሎች በሽታዎች ስለሚጠብቅና ዕድሜ ስለሚያረዝም ከዚህ ብቻ ተነስቶ መወሰን አይገባም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጀርመን ሼፐርድ በአዲስ አበባ ግቢዎች የታወቀ ጠባቂ ነው። እንዲህ ያለ ውሻ በድንገት ወድቆ ሲሞት መጀመሪያ የሚጠረጠረው መርዝ ነው፤ ዘበኛው ይጠየቃል፣ ጎረቤት ይታማል። የሬሳ ምርመራ ቢደረግ አንዳንዱ ከረጢቱ በደም የተሞላ ልብ ሆኖ ይገኝ ነበር። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ሆነ የጎንደሩ ትምህርት ቤት ለዚህ የሚሆን እውቀት አላቸው። የከተማ ውሻ አሳዳጊዎች ሬሳውን ከመቅበራቸው በፊት ወደ ባለሙያ ቢወስዱት፣ የጎረቤት ሐሜት ከመቅረቱም በላይ በአገራችን ውሾች ላይ ምን ያህል እንደሚታይ የሚመልስ መዝገብ ይጀመር ነበር።

በውጭ አገር ላላችሁ፣ ልጆቻችሁ ለምነዋችሁ ጎልደን ሪትሪቨር ወይም ላብራዶር ላሳደጋችሁ ደግሞ ልመናዬ ይህ ነው። ውሻችሁ አንድ ቀን ወድቆ «ልቡ ላይ ዕጢ አለ» ከተባላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ፈሳሹ ይቀዳለት፤ ዕጢው በየትኛው የልብ ወገን እንዳለ፣ ጣፊያውና ሳንባውስ ታይተው እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ የቀኙ ክፍል ከሆነና በሽታው ተዛምቶ ከተገኘ እንዲያርፍ ማድረጋችሁ ትክክል ነው፤ በጸጸት አትታመሙ። መልሱ ሌላ ከሆነ ግን የልብ ስፔሻሊስት ሳያየው አትወስኑ።